ለጀልባ መስታወት ፊልም ሲገዛ፤ ሒሳቡ ከጥቅልሉ ሳይሆን ከመስታወቱ ይጀምራል

የመኪና መስታወት የሚጠቁርበት ፊልም፣ በገበያው አጠራር ስቲከር፣ በመርካቶም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች የታወቀ ሸቀጥ ነው። አስመጪው በጥቅልል ያስገባል፤ ቸርቻሪው በሜትር ይሸጣል፤ ለጣፊው በመኪና ይከፈለዋል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የመኪናን መስታወት ጠንቅቆ ያውቃል። ችግሩ የሚጀምረው የጀልባ ባለቤት በዚሁ ሱቅ በር ላይ ሲቆም ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች ተሳፋሪ የሚያመላልስ አንድ የጀልባ ባለቤት አለ እንበል። ጀልባው ጣራና የጎን መስኮቶች ያሉት ባለ ካቢን ነው። ባለቤቱ ተሳፋሪው በፀሐይ መቃጠሉን አይቶ «ጠቆር ያለውን አምጡ» ይላል። ለጣፊው ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይለጥፋል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ከመስኮቶቹ ግማሹ ላይ ያለው ፊልም እንደ ፈላ ገንፎ አረፋ ያወጣል፤ በቀሩት ላይ ያለው ግን እንደ ተለጠፈ ነው። ጥቅልሉ አንድ ነው፣ ለጣፊው አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። ባለቤቱ ሻጩን ይከሳል፣ ሻጩ ለጣፊውን፣ ለጣፊው ደግሞ ዕቃውን።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ጠብ ሥሩ ፊልሙ ላይ የለም። አረፋ ያወጡት መስኮቶች መስታወት አልነበሩም፤ ፕላስቲክ ነበሩ። ጀልባው በአገልግሎት ዘመኑ የተሰበረበትን መስታወት በየጊዜው በፕላስቲክ ሲተካ ኖሯል፤ ከሦስቱ ወገኖች ግን ይህን ቀድሞ የጠየቀ አንድም አልነበረም። እንዲህ ያለውን ኪሳራ ለማስቀረት አስመጪውም፣ ሻጩም፣ በጀልባ ላይ ገንዘቡን ያዋለ ባለሀብትም ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ፊልሙ ምንድን ነው?

የመስታወት ፊልም በመሠረቱ ፖሊስተር ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ስስ ሽፋን ነው። የአሜሪካው 3ኤም ኩባንያ በ1966 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ ቴክኖሎጂው ብዙ ቢሻሻልም አሠራሩ ያው ነው። በአንድ ወገን ጭረት የሚቋቋም ሽፋን፣ በመሐል ቀለም ወይም ብረት ወይም ሌላ ሙቀት የሚከላከል ንጥረ ነገር የያዘ ፖሊስተር፣ በሌላው ወገን ማጣበቂያ፣ ከማጣበቂያው ላይ ደግሞ ሲለጠፍ የሚላጥ መሸፈኛ ይኖረዋል። ተራው ፊልም ውፍረቱ ከ38 እስከ 50 ማይክሮን ሲሆን፣ የተሰበረ መስታወት እንዳይበተን የሚይዘው የደኅንነት ፊልም ግን ከ100 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል።

በገበያ ላይ ያሉት ዓይነቶች በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በቀለም ብቻ የጠቆረው ነው። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ በፀሐይ ብዛት ግን ቀለሙ ይለቃል፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ሐምራዊነት ይለወጣል። ሁለተኛው ብረት የተቀባው ሲሆን ሙቀትን በደንብ ይመልሳል፤ ይሁንና የሬዲዮ፣ የስልክና የጂፒኤስ ሞገድ ሊያዳክም ይችላል። እርጥበት በጠርዙ ሲገባም ብረቱ ይዝጋል፤ በጨው ውኃ አካባቢ ደግሞ ይህ ይፈጥናል። ሦስተኛው ካርቦን፣ አራተኛው ሴራሚክ የሚባሉት ናቸው። ሁለቱም ሞገድ አያውኩም፣ ቀለማቸውም ይቆያል፤ በዋጋ በኩል ሴራሚኩ ከሁሉም ይበልጣል።

በዚህ ላይ በነጋዴውም በገዢውም ዘንድ የሰፈነ አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም የጠቆረ ሁሉ ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። ከፀሐይ ከሚመጣው ኃይል ገደማ ግማሹ በዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ሲሆን፣ ከቀሪው አብዛኛው በዓይን የሚታየው ብርሃን ነው። አልትራ ቫዮሌት የሚባለው ቆዳ የሚያቃጥልና ወንበር የሚያነጣ ጨረር ድርሻው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በቀለም ብቻ የጠቆረ ፊልም በዋናነት የሚቀንሰው የሚታየውን ብርሃን ነው። ጥሩ የሴራሚክ ፊልም ደግሞ ዓይን ሲያየው ነጭ የሚባል ሆኖ የማይታየውን ሙቀት ሊያስቀር ይችላል። ስለሆነም ገዢው መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ይጠቁራል?» ብሎ ሳይሆን፣ ከጠቅላላው የፀሐይ ኃይል ስንት በመቶውን ይከላከላል ብሎ ነው። ይህ ቁጥር በአምራቹ የመግለጫ ወረቀት ላይ ይገኛል። ወረቀት የሌለው ጥቅልል ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለውን ዕቃ ደግሞ በዋጋ ማወዳደር አይቻልም።

የብርሃን ማሳለፊያ ቁጥሩም ቢሆን ለብቻው አይነበብም። 35 በመቶ ብርሃን ያሳልፋል የተባለ ፊልም 88 በመቶ በሚያሳልፍ ነጭ መስታወት ላይ ሲለጠፍ፣ ሁለቱ ተባዝተው ውጤቱ 31 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያው ፊልም ከፋብሪካው ጠቁሮ በመጣና 45 በመቶ ብቻ በሚያሳልፍ መስታወት ላይ ቢለጠፍ ግን ውጤቱ 16 በመቶ ነው። ሁለት የተለያየ ጀልባ የያዙ ደንበኞች አንድ ዓይነት ፊልም ገዝተው አንዱ አመስግኖ ሌላው «ጨለመብኝ» ብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የጣና ፀሐይ ከየት ወገን ይመታል?

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። አልትራ ቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በጣና ላይ ያለ ተሳፋሪና የወንበር ልብስ በባሕር ዳርቻ ካለው የበለጠ ጨረር ይቀበላሉ። የሐዋሳና የዝዋይ ሐይቆችም ከፍታቸው ከ1,600 ሜትር በላይ በመሆኑ ጉዳዩ እነሱንም ይመለከታል። በመሆኑም ለእነዚህ ሐይቆች ጀልባዎች አልትራ ቫዮሌት የሚከላከል ፊልም ከቅንጦት የሚቆጠር አይደለም። ደግነቱ፣ ጥሩ ነው የሚባል ፊልም ሁሉ፣ ያልጠቆረውም ጭምር፣ ይህን ጨረር እስከ 99 በመቶ ያስቀራል።

ይሁን እንጂ ፊልም የማይፈታው ችግር አለ። ጣና ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ለአናት ትቀርባለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ ወራትማ በቀጥታ አናት ላይ የምትሆንባቸው ቀናት አሉ። በዚያ ሰዓት የጎን መስታወት የሚቀበለው ቀጥተኛ ፀሐይ ጥቂት ነው። ካቢኑን የሚያሞቀው ጣራው ነው። ጣራው ባዶ ቆርቆሮ ወይም ስስ ፋይበር ግላስ የሆነ ጀልባ ባለቤት ገንዘቡን በፊልም ላይ ከማዋሉ በፊት ጣራውን ነጭ ቀለም ቢቀባና ከውስጥ ሙቀት መከላከያ ቢያለብስ የተሻለ ውጤት ያገኛል። ጎኑ ክፍት ለሆነና ሸራ ብቻ ለተዘረጋበት ጀልባ ደግሞ ፊልም የሚባል ወጪ አያስፈልገውም።

ፊልሙ ሥራውን የሚሠራው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስትገባ ነው። እዚህ ላይ የመስመሩን አቅጣጫ ማየት ይጠቅማል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ትገኛለች። ጠዋት ወደ ደቅ ደሴት ወይም ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ የሚሄድ ጀልባ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል፤ ምሥራቅ በቀኙ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ሲመለስ ደግሞ ምዕራብ በቀኙ ይሆናል። በመሆኑም በሄደበትም በተመለሰበትም ጊዜ ፀሐይ የምትገባው በአብዛኛው በቀኝ ጎን ነው። ወደ ዘጌ የሚሄደውም፣ አቅጣጫው ወደ ሰሜን ምዕራብ ቢያዘነብልም፣ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ገንዘብ ያጠረው ባለቤት ከቀኝ ጎን መስኮቶች ቢጀምር በግማሽ ወጪ አብዛኛውን ጥቅም ያገኛል ማለት ነው። በሌላ ሐይቅ ላይ የሚሠራ ባለቤትም የራሱን መስመርና ሰዓት በወረቀት ላይ ነድፎ ይህንኑ ስሌት መሥራት ይችላል።

መስታወት ነው ወይስ ፕላስቲክ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። በጀልባ ላይ የሚገኙ መስኮቶች ከመኪና በተለየ ከብዙ ነገር ይሠራሉ። እውነተኛ መስታወት አለ፤ አክሪሊክ ወይም ፕሌክሲግላስ የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ አለ፤ ከእሱ የበለጠ ምት የሚችለው ፖሊካርቦኔት አለ፤ በሸራ ላይ የተሰፋ የሚተጣጠፍ ግልጽ ላስቲክም አለ። አራቱም ሲወለወሉ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ።

ፊልም የተሠራው ለመስታወት ነው። ፕላስቲክ ላይ ሲለጠፍ ሁለት ነገር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት በውስጣቸው ያለውን እርጥበትና ጋዝ ሲሞቁ ወደ ውጭ ይተነፍሳሉ። ፊልሙ መውጫውን ስለሚዘጋበት ትንፋሹ ከማጣበቂያው ሥር ተጠራቅሞ አረፋ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እነዚህ ፕላስቲኮች በሙቀት የሚለጠጡት ከመስታወት ሰባትና ስምንት እጥፍ ነው። በቀን ተለጥጦ በሌሊት የሚኮማተር መስኮት ፊልሙን ከጠርዙ እየላቀቀ ያነሳዋል። በሚተጣጠፈው ላስቲክ ላይ ደግሞ ጨርሶ መሞከር አይገባም። አብዛኞቹ አምራቾች በፕላስቲክ ላይ ለተለጠፈ ፊልም ዋስትና የማይሰጡት በዚህ የተነሳ ነው።

ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። በሳንቲም ሲመታ መስታወት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ፕላስቲክ ድምፁ የታፈነ ነው። ጠዋት በእጅ ሲነካ መስታወት ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ለብ ያለ ነው። ያረጀ ፕላስቲክ በመጥረግ ብዛት የተቧጨሩ ስስ ክብ መስመሮች ይታዩበታል። በማዕዘኑ ላይ የፋብሪካ ማኅተም ያለበት መስኮት በአብዛኛው ቴምፐርድ ወይም ላሚኔትድ የሚባለው የደኅንነት መስታወት ነው። ፍተሻው በየመስኮቱ እንጂ በአንድ መስኮት ተደርጎ ለሌላው መገመት የለበትም፤ ከላይ የተጠቀሰው የጀልባ ባለቤት የከሰረው በዚህ ግምት ነውና።

ፕላስቲክ ሆኖ የተገኘ መስኮት ያለው ባለቤት አማራጭ አያጣም። ከፋብሪካው ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ የተሠራ የአክሪሊክ ሰሌዳ መቀየር ይችላል፤ ከውጭ የሚወርድ ሸራ ወይም ከውስጥ መጋረጃ ማድረግ ይችላል፤ ክፈፉ የሚፈቅድ ከሆነም ቴምፐርድ መስታወት ማስገባት ይችላል። በፊልም ካልሆነ በቀር የሚል ሰው ቢያንስ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለጥፎ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ለጥቂት ሳምንታት ማየት አለበት። አረፋ ከወጣ የከሰረው ቁራጭ ብቻ ነው።

መስታወት ሆኖ መገኘቱም ብቻውን አይበቃም። ተራ መስታወት፣ ማለትም ቴምፐርድ ያልሆነው፣ ከፊሉ በጣራ ጥላ ሥር ሆኖ ከፊሉ ፀሐይ ላይ ሲውል ሙቀቱ እኩል አይሆንም። በዚህ ላይ ሙቀት የሚመጥ ጥቁር ፊልም ከተጨመረ ልዩነቱ ሰፍቶ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በተለይ ጠርዙ የተቆራረሰ ከሆነ። ለእንዲህ ያለው መስታወት ሙቀቱን ከሚመጥ ይልቅ የሚመልስ፣ ቀለሙም ፈካ ያለ ፊልም ይመረጣል።

ፊልም ሊነካው የማይገባ መስኮት

ሁሉም መስኮት የገበያ ዕቃ አይደለም። በነጂው ፊት ያለው መስታወት መጥቆር የለበትም። በባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለተሠሩና ርዝመታቸው 55 ሜትርና ከዚያ በላይ ለሆኑ መርከቦች፣ የመሪው ክፍል መስታወት የጠቆረ እንዳይሆን ይከለክላል። የሐይቅ ጀልባ በዚህ ድንጋጌ ሥር ባይወድቅም የድንጋጌው ምክንያት ግን ያው ነው። በምሽት ትንሽዋን ብርሃን ለማየት ነጂው ያለውን ብርሃን ሁሉ ይፈልጋል።

በጣና ላይ ይህ ምክንያት ሥጋና ደም አለው። ዓሣ አጥማጁና እንጨት ጫኙ የሚጓዙበት የደንገል ታንኳ ከውኃው ብዙም ከፍ አይልም፣ ሞተር የለውም፣ መብራትም የለውም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግራጫው ታንኳ ከግራጫው ውኃ ጋር ይመሳሰላል። ዘግይቶ የሚመለስ ባለ ሞተር ጀልባ ነጂ በጠቆረ መስታወት ውስጥ ሆኖ ታንኳውን የሚያየው ሲደርስበት ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው የእምቦጭ አረምም በጨለማ የሚታይ ነገር አይደለም። ለነጂው ምቾት ሲባል አልትራ ቫዮሌት የሚከላከል ነጭ ፊልም ማድረግ ይቻላል፤ ለቀን ብርሃን ነጸብራቅ ደግሞ ፖላራይዝድ መነጽር ይበቃዋል። መነጽሩ ሲመሽ ይወልቃል፤ ፊልሙ ግን አይወልቅም።

እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቀው ፊልምም ሌላ ጠባይ አለው። በቀን ከውጭ ወደ ውስጥ አያሳይም። ሲመሽና በካቢን ውስጥ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከውጭ ያለው ውስጡን ያያል፣ ከውስጥ ያለው የራሱን ፊት ብቻ ያያል። ነጂው ወደ ጎን መመልከት ካለበት በእሱ መደዳ ያሉት የጎን መስታወቶችም ከዚህ ዓይነት ፊልም ነፃ መሆን አለባቸው።

ሌላው የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው። ተሰብሮ እንዲወጣበት የታሰበ መስኮት ላይ ወፍራም የደኅንነት ፊልም መለጠፍ መውጫውን እንደ መዝጋት ይቆጠራል፤ የፊልሙ ሥራ ስብርባሪውን አንድ ላይ መያዝ ነውና። በጎን ገፍቶ የሚከፈተውም ቢሆን መያዣውና ጎማው በፊልም እንዳይታፈን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህን የማይነግር ሻጭ የዛሬን ሽያጭ እንጂ የነገን ተጠያቂነት አላሰበም።

የጥቅልሉ ሒሳብ

በስፋት የሚሸጠው ጥቅልል ወርዱ 1.52 ሜትር፣ ርዝመቱ 30.48 ሜትር ሲሆን ስፋቱ 46.3 ካሬ ሜትር ይሆናል። ነጋዴው ይህን ቁጥር ይዞ የመስኮቶቹን ካሬ ሜትር ቢያካፍል ይሳሳታል፤ የጀልባ መስኮት ትንሽና ብዙ በመሆኑ ብክነቱ ከመኪና የተለየ ነው።

አንድ የጎን መስኮት 70 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ለማስተካከያ በየጎኑ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር ቁራጩ 75 በ55 ይሆናል። ለጣፊው 55ቱን በጥቅልሉ ወርድ ቢያጋድም በአንድ መደዳ 2 ቁራጭ ይወጣና 42 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። እያንዳንዱ መደዳ 75 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ስለሚወስድ ከጥቅልሉ 40 መደዳ፣ በድምሩ 80 ቁራጭ ይገኛል። 75ቱን በወርዱ ቢያጋድም ግን በመደዳ 2 ቁራጭ ወጥቶ የሚተርፈው 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። መደዳው የሚወስደው 55 ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ከጥቅልሉ 55 መደዳ፣ በድምሩ 110 ቁራጭ ይወጣል። ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ፣ ጥቅልሉን በማዞር ብቻ፣ 30 ቁራጭ ተገኘ ማለት ነው። በመጀመሪያው አቆራረጥ መስኮት ላይ የዋለው የጥቅልሉ 60 በመቶ ሲሆን በሁለተኛው 83 በመቶ ነው።

ለጠፍጣፋ መስታወት ፊልሙ በየትኛውም አቅጣጫ ቢቆረጥ ልዩነት የለውም። የጎበጠ መስታወት ሲሆን ግን ፊልሙ በሙቀት ተኮማትሮ ቅርጽ የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ስለሆነ እንደፈለጉ ማዞር አይቻልም። የዋጋ ማቅረቢያ የሚያዘጋጅ ነጋዴ ከካሬ ሜትር ስሌት በፊት የመስኮቶቹን ልክ በወረቀት ላይ ሊደረድር ይገባል።

ርካሹና ውዱ

ገዢው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ርካሹ ይሻላል ወይስ ውዱ የሚለውን ነው። መልሱን በቁጥር ማየት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎችና ዕድሜዎች ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ሊተካባቸው ይችላል።

ጀልባው 12 መስኮት፣ በድምሩ 4.2 ካሬ ሜትር መስታወት አለው። ርካሹ ፊልም በካሬ ሜትር 1,000 ብር ሆኖ 2 ዓመት ይቆያል፤ ውዱ 2,500 ብር ሆኖ 8 ዓመት ይቆያል። የለጣፊው ዋጋ ለሁለቱም 3,000 ብር፣ አሮጌውን ልጦ ማጣበቂያውን ማጽጃ 2,000 ብር ነው። ብክነቱ ለጊዜው ይተው።

ርካሹ ሲለጠፍ 7,200 ብር ይፈጃል። በ8 ዓመት 4 ጊዜ ተለጥፎ 3 ጊዜ ሲላጥ ጠቅላላ ወጪው 34,800 ብር ይደርሳል። ውዱ አንድ ጊዜ 13,500 ብር ነው። በዚህ ላይ ርካሹ ጀልባውን ለሥራው 4 ጊዜ ከመስመር ሲያስወጣው ውዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የጀልባ የቆመበት ቀን ገቢ የሌለው ቀን ነው።

«የዛሬ ገንዘብና የነገ ገንዘብ እኩል አይደለም» የሚል ባለሀብት ትክክል ነው። ይህም ሲሰላ፣ ውዱን የመረጠ ሰው ዛሬ 6,300 ብር ይጨምራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ርካሹን ለመለወጥ የሚወጣውን 9,200 ብር ግን ያተርፋል። የመጀመሪያው ለውጥ ብቻ ተቆጥሮ ይህ በዓመት 21 በመቶ ገደማ ከሚያስገኝ ትርፍ ጋር ይተካከላል። ቀጣዮቹ ሁለት ለውጦች ሲጨመሩ ደግሞ ትርፉ ከዚያም ያልፋል።

ስሌቱ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ መስኮቱ መስታወት መሆን አለበት። ፕላስቲክ ከሆነ 8 ዓመት የተባለው ፊልም በሳምንታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ያን ጊዜ 7,200 ብር የከሰረው ርካሹን የገዛው ሲሆን፣ 13,500 ብር የከሰረው ደግሞ «ጥሩ ዕቃ ገዛሁ» ያለው ነው። ውድ ዕቃ በተሳሳተ ቦታ ላይ ኪሳራውን ያበዛዋል እንጂ አይቀንሰውም።

አለጣጠፉ

ሥራው የሚሠራው ጀልባው በጥላ ሥር፣ ነፋስና አቧራ በሌለበት ቆሞ ነው። በወደቡ ላይ እየተወዛወዘ፣ ሞተር እየተነሳ የሚለጠፍ ፊልም አቧራ ይዞ ይቀራል። ፊልሙ ለውጭ የተሠራ ነው ካልተባለ በቀር የሚለጠፈው በውስጥ በኩል ነው።

በመጀመሪያ መስታወቱ ጥቂት ሻምፖ በተጨመረበት ውኃ ይታጠባል። የደረቀው ቆሻሻ በአዲስ ምላጭ እየተጠነቀቁ ይፋቃል፤ በፕላስቲክ ላይ ግን ምላጭ አይነካም። በጎማው ዳር የተደበቀ ሲሊኮንና ሻጋታ ካልጸዳ ፊልሙ ከዚያ መነሳት ይጀምራል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ለፊልሙም ለፕላስቲክ መስኮትም ጠላት ስለሆነ መቅረት አለበት።

ቀጥሎ መስታወቱም የፊልሙ ማጣበቂያም በሳሙና ውኃ በደንብ ይረጫሉ። ውኃው ፊልሙን አንሸራትቶ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣል። ከዚያ በጎማ መጥረጊያ ከመሐል ወደ ዳር እየተገፋ ውኃው ይወጣል። ፊልሙ እስከ ጎማው ድረስ ተጠግቶ መለጠፍ የለበትም፤ በዙሪያው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ጎማው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙን እንዳያነሳው ነው።

ከተለጠፈ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ወር፣ ደብዘዝ ያለ መልክና ትንንሽ የውኃ ነጠብጣብ ቢታይ ጉድለት አይደለም፤ ውኃው ገና እየደረቀ ነው። በዚህ ጊዜ መስኮቱን መጥረግም ሆነ ነጠብጣቡን በመርፌ መውጋት አይገባም። ውኃ የያዘው ነጠብጣብ እየጠፋ ይሄዳል። ጋዝ የያዘው አረፋ ግን እየበዛና እየሰፋ ይሄዳል። ደንበኛው ይህን ልዩነት ቀድሞ ከተነገረው በሳምንቱ ለጠብ አይመጣም።

ከመፈራረም በፊት

ሻጭና ገዢ በቃል ሲስማሙ ዳኛ የሚሆነው የሚጮኸው ነው። ስለዚህ ከክፍያ በፊት በአንድ ገጽ ላይ አምስት ነገር ቢሰፍር ሁለቱንም ያድናል። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ መስኮት ዓይነት፣ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ተብሎ። ሁለተኛ፣ የፊልሙ ስም፣ የብርሃን ማሳለፊያና የፀሐይ ኃይል መከላከያ ቁጥሩ። ሦስተኛ፣ ፊልም የማይነካቸው የነጂውና የመውጫ መስኮቶች። አራተኛ፣ ዋስትናው ስንት ጊዜ እንደሆነና ምን ምን እንደማይሸፍን። አምስተኛ፣ ሥራው ቢበላሽ የማንሻው ዋጋና የጀልባው የቆመበት ቀን በማን ላይ እንደሚወድቅ።

ይህን ወረቀት ለመሙላት ለጣፊው ከጥቅልሉ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሳንቲም ጋር ወደ ወደቡ ወርዶ እያንዳንዱን መስኮት ማንኳኳት ይኖርበታል። ከአሥራ ሁለቱ መስኮቶች ስድስቱ የታፈነ ድምፅ ከሰጡ ሽያጩ በግማሽ ይቀንሳል። የተሸጠው ስድስቱ ግን ለዓመታት ይቆያል፤ ደንበኛውም ለሚቀጥለው ጀልባ ተመልሶ ይመጣል።